በግራው ጥግ ያለችው ጭረት

ለሌላው ሰው ቅጽል ስም የሚያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ የእትዬ ባል ግን ስሙን ራሱ ነው በራሱ ላይ ያመጣው። የሰርግ ፎቶ ሊያነሣ ሄዶ የካሜራ ቦርሳውን ሲከፍት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፤ ሲዘጋውም ይላል። ከመቀመጡ በፊት ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ያያል፤ የጨበጠውን ሰው ሸኝቶ ሰዓቱ እጁ ላይ መኖሩን ይዳብሳል። ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? «ጋሽ ጠርጥር» አለው። እሱም ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ማዕረግ መሰለው።

እትዬ ሚስቱ ናት። ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የስፌት መኪናው በወለሉ በኩል እግሯን እያንዘረዘራት፣ ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ፎቶ ታጸዳለች። እሱ ያነሣል፣ እሷ ታሳምራለች። የሙሽራዋን ብጉር ታጠፋለች፣ የሙሽራውን ላብ ታብሳለች፣ ለጨፈነ ሚዜ ከሌላ ፎቶ ዓይን ተበድራ ትገልጥለታለች። ሳይጠራ መጥቶ መሃል ላይ የተገተረውን ሰው ደግሞ ከነጭራሹ እንዳልተፈጠረ ታደርገዋለች። አልበሙ ሲያልቅ ደንበኛው «እጅህ ይባረክ!» የሚለው ግን ባሏን ነው። በዚህ እንኳ አኩርፋ አታውቅም። አንጀቷን ያሳረራት ሌላ ነገር ነው።

ነገሩ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ባልና ሚስቱ አንድ ትልቅ ሌንስ አላቸው። የቤቱ እንጀራ ያ ሌንስ ነው፤ ከአዳራሹ ዳር ቆሞ የሙሽራዋን እናት እንባ ከጉንጯ ላይ የሚለቅም ዕቃ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት እትዬ መደርደሪያውን ስትወለውል ጋሽ ጠርጥር ቦርሳውን ከፈተ፤ ሌንሱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየና «ጣልሽው!» ብሎ ጮኸባት። ከፊተኛው መስታወት ጠርዝ ላይ ጭረት አለች። አልነካሁም አለች። ማለች። የእናቷን ስም ጠራች። ማን ይስማት! በማግስቱ ለልብስ ሰፊው ነገረው፤ ልብስ ሰፊው ልብስ ሊያስጠብብ ለመጣው ሁሉ አወራው። በሳምንቱ ውጭ አገር የምትኖረው የባሏ እህት ሳትቀር ደውላ «አይዞሽ፣ እጅ ይስታል» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራው የሚቆለፍበት የቁም ሳጥን ቁልፍ በጋሽ ጠርጥር አንገት ላይ ተንጠለጠለ፤ እትዬም ካሜራ ነክታ አታውቅም።

ጭረቷ ደግሞ ዝም ብላ የምትቀመጥ አይደለችም። መብራት ከፊት ለፊት በመጣ ቁጥር በፎቶው ግራ ጥግ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጭ ነገር ትጋደማለች። ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ መብራት የማይመጣበት አቅጣጫ የለም። ስለዚህ እትዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ከየፎቶው ላይ ያቺን ጥፍር ስትለቅም ኖረች። እሱም ከኋላዋ ቆሞ «የእጅሽን ነው የምታገኚው» ይላታል። አቤት ድፍረት!

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ይህ ዳዋ ግን ዓይን ነበረው። ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ እትዬ የእሁዱን ሰርግ ፎቶዎች ልታጸዳ ስትከፍት ያቺን ጥፍር እዚያ አገኘቻት። ሰኞ ጠዋት ጣልሽው የተባለው ሌንስ እሁድ ተጭሮ አድሯል! እስከ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ፎቶ ድረስ ሁሉም ንጹሕ ነው። ከአራት መቶ አሥራ አራተኛው ጀምሮ ጥፍሯ አለች። በሁለቱ መካከል ያለውን አንድ ፎቶ እትዬ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያም ሳታጸዳቸው ሁሉንም በትንሹ ሃርድ ዲስኳ ላይ ገለበጠችና ዝም አለች።

ለምን ዝም አለች? ፊቱ ላይ ብትወረውርለት እኮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ነው የፈለገችው፤ በገዛ አፉ እንዲናገር። ዛሬ ይላል፣ ነገ ይላል ብላ ጠበቀች። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። ሆድ ግን ነገሩን አልፈጀውም፤ ነገሩ ነው ሆዷን የፈጀው።

በዚህ መሃል የባሏ እህት ልጅ ልታገባ ሆነ። «አጎቴ ካላነሣኝ ሰርግ አልለውም» አለች ሙሽራዋ በስልክ። ፎቶው እዚያው ተጸድቶ እንዲሰጥ ስለተፈለገ እትዬም አብራ ልትሄድ ተወሰነ። ጋሽ ጠርጥር እንቅልፍ አጣ። ውጭ አገር ሌባ ሱፍ ለብሶ ነው የሚሰርቀው የሚል ወሬ ከየት እንደሰማ እንጃለት። በካሜራው ላይ የተጻፈውን ስም በጥቁር ፕላስተር ሸፈነ። ሌንሱን በአሮጌ ፒጃማ ጠቀለለና የገበያ ጆንያ ውስጥ ከተተው። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ እትዬ ስትገባ መርፌ ይዞ ሌንሱ ላይ አቀርቅሮ ሲፍቅ አገኘችው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቁጥሩን እያጠፋሁ። ሌባ ቁጥሩን አይቶ ዋጋውን በስልኩ ይፈልጋል።»

«ከሰረቀ በኋላ ዋጋውን ቢያውቅ ባያውቅ ምን ይጠቅምሃል? ይልቅ ቁጥሩን ጽፈን እንያዘው።»

«አንቺ?» አለ ቀና ሳይል። «አንቺ ነሽ ደግሞ ስለ ሌንስ የምትመክሪኝ?»

እትዬ ትታው ወጣች።

አውሮፕላን ውስጥ ካሜራውን ከካፖርቱ ሥር በአንገቱ አንጠልጥሎ የደረሰች እርጉዝ መስሎ ተቀመጠ። ጆንያውን ጭኑ ላይ አቅፎ አልለቅም ብሎ ከአስተናጋጇ ጋር ተጨቃጨቀ፤ በመጨረሻ ከእግሩ ሥር አድርጎ ሁለት ጫማውን ጫነበት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሽንት ቤት አልሄደም። ፊቱ ሲጠቁር እትዬን አሳዘናትና «ሂድ እንጂ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» አለችው። «አንቺ?» አለ አሁንም። ይቺን ቃል እንዴት አድርጎ እንደሚላት! እትዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ይበልህ፣ ፈንዳ አለች በሆዷ።

ከአውሮፕላን ወርደው የሄዱበት የባቡር ጣቢያ አዳራሽ ሰፊ ነው፤ ሰዉ ሻንጣ እየጎተተ ይተራመሳል። ጋሽ ጠርጥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጆንያውን ከእግሩ መካከል አደረገና ማንገቻውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠመጠመ። ከጎኑ የተቀመጡትን አሮጊት ክፉኛ ጠረጠራቸው፤ ምስኪኗ ሹራብ ነበር የሚሠሩት። እትዬ የካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የፍላሽ መብራቶቹን ቦርሳ ይዛ ከፊቱ ቆማለች። ትከሻዋ ሲዝል ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻዋ ልታዛውር አነሣችው።

«ተይ! ትጥይዋለሽ!»

ጠመጠመው ያልነውን ማንገቻ በጥድፊያ ፈትቶ ተነሣ። ሁለት እርምጃ ነው የተራመደው። ቦርሳውን ከእጇ መነጨቀና ዞረ። ጆንያው የለም። አሮጊቷ እንደተቀመጡ ናቸው፣ ሹራባቸውም አለ፤ ጆንያው ግን ከነፒጃማው የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሃያ ዓመት ሌባ ሲጠረጥር ኖሮ ለሁለት እርምጃ ያህል የጠረጠረው የገዛ ሚስቱን ነበር፤ ሌባውም የሚበቃውን ያህል ጊዜ ያገኘው በዚያች ቅጽበት ነው።

ጋሽ ጠርጥር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሮጠ። ሲመለስ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። «አየሽ?» አላት። «አየሽ ያደረግሽኝን?»

እትዬ ደሟ ፈላ። ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ አንሥታ አናቱን ልትለው አማራት፤ እውነቴን ነው፣ እጇም ከፍ ብሎ ነበር። ሙሽራዋ ልትቀበላቸው ከበሩ ብቅ ስትል ነው እጇን የመለሰችው። እዚያው ጣቢያው ውስጥ ላለው ፖሊስ አመለከቱና ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ሄዱ።

ቤት ደግሞ እትዬን የባሰው ጠበቃት። የባሏ እህት አቀፈቻቸው፣ ሳመቻቸው፣ የሌንሱን መሰረቅ ስትሰማ ደረቷን መታች። ቀጥላ ግን ፈገግ አለችና «መቼም ይሄን ጊዜስ እሷ አልጣለችውም» አለች። ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ጠርጥር ራሱ፣ በዚያ ሐዘኑ ላይ፣ በአፍንጫው ሳቀ። ውሃ ሲቀርብ ለሁሉም በብርጭቆ ሆነ፤ ለእትዬ ግን ልጆች የሚጠጡበት አረንጓዴ የፕላስቲክ ኩባያ መጣላት። «ለአንቺ ይሄ ይሻልሻል፣ የኔ ቆንጆ» አለች እህትየው እየሳቀች። እትዬ ጠጣች። ጥርሷን ነክሳ ባሏን አየችው፤ ባሏ ብርጭቆውን ያያል።

ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ጠዋት ፖሊስ ደወለ፤ ጣቢያው ውስጥ አንድ ሌባ ከነዕቃው ተይዟል፣ ኑና እዩ ተባሉ። ሙሽራዋ የፀጉር ቤት ቀጠሮዋን ትታ ልታስተረጉምላቸው አብራ መጣች።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት። መነጽር ያደረገች ፖሊስ በወረቀት ላይ ሁለት ሌንሶች አስቀመጠች። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ቁጥራቸው ተፍቋል።

«ይሄ ነው የኔ!» አለ ጋሽ ጠርጥር እጁን ሰድዶ።

ፖሊሷ እጁን በትሕትና መለሰችና ለሙሽራዋ ተናገረች። «ቁጥሩ ስንት ነበር ነው የምትለው፣ አጎቴ።»

«ቁጥር የለውም። እኔ ነኝ የፋቅኩት።»

ሙሽራዋ አጎቷን አየችው፤ አመንትታ ተረጎመች። ፖሊሷ መነጽሯን አወለቀች። «ቁጥር የሚፍቅ ሌባ ነው አለች» አለች ሙሽራዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁለቱንም የኔ ነው የሚል ሌላ አመልካች አለ። ሌላ ምልክት ካለው ተናገሩ፤ ከሌለ መስጠት አልችልም ነው የምትለው።»

«ምልክትማ አለው! መስታወቱ ጠርዝ ላይ ጭረት አለው።» በአገጩ ወደ እትዬ ጠቆመ። «እሷ ጥላው።»

ፖሊሷ ቅጽ አወጣች። መቼ ነው የተጫረው? በምን ምክንያት? የባለቤቱ ቃል ይጻፍ ተባለ። ጋሽ ጠርጥር ቀኑን እንደ ልደቱ ነው የሚያውቀው፤ ሰኞ ጠዋት፣ መደርደሪያ ስትወለውል፣ ከእጇ አምልጧት አለ። ሙሽራዋ ተረጎመች፣ ፖሊሷ ጻፈች። ከዚያ ሌንሱን ከአንገቱ ባለው ካሜራ ላይ ገጥሞ ወደ መስኮቱ እንዲያነሣ ፈቀደችለት። አነሣ። በግራው ጥግ ጥፍሯ ተጋደመች። ፖሊሷ አይታ ራሷን ነቀነቀችና «ይህ ምልክት ያለበት የድሮ ፎቶ አላችሁ?» ብላ አስጠየቀች።

«የለም» አለ ጋሽ ጠርጥር። «ካጸዳን በኋላ የመጀመሪያውን እናጠፋዋለን።»

«እኔ ጋ አለ» አለች እትዬ።

ተራ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተችና ሃርድ ዲስኳን አወጣች። ፕላስተር አልተለጠፈበትም፣ በፒጃማም አልተጠቀለለም፤ ይኸው ማንም ሳይነካው ባሕር ተሻግሯል። ፖሊሷ ኮምፒውተሯ ላይ ሰክታ ፎቶዎቹን ገላለጠች። ጥፍር፣ ጥፍር፣ ጥፍር። ደስ ብሏት ወደ መጀመሪያዎቹ ሄደች። እዚያ ቆመች። ቅጹን አየች፣ ስክሪኑን አየች።

«አጎቴ» አለች ሙሽራዋ፣ «ሰኞ ብለዋል። እዚህ ግን እሁድ ላይ አለ፤ ቀኑ ፎቶው ላይ ተጽፏል። ቃሉና ማስረጃው ካልገጠመ ዕቃውን አልሰጥም ነው የምትለው።»

የጋሽ ጠርጥር ፊት አመድ መሰለ። ምናልባት አሁን ይናገራል ብላ እትዬ አፍ አፉን አየች። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ደቂቃ ይኸው መጣ።

«እሁድ ነው!» አለ። «ቀኑን ተሳስቼ ነው። እሁድ ነው የጣለችው፣ አዳራሹ ውስጥ።»

ዓይን አውጣ! ያን እሁድ እትዬ ከቤት አልወጣችም። ሙሽራዋ ምስኪን ሰዓቷን አየችና ጎንበስ ብላ በጆሮዋ «እትዬ፣ እባክዎ አዎ ይበሉና እንሂድ። ነገ እኮ ሰርጌ ነው» አለቻት። ባሏም ዓይን ዓይኗን ያያታል፤ ይለምናታል። እንደገና እንድትጥለው። አንድ ጊዜ አልበቃውም፤ አሁን ደግሞ በፖሊስ ፊት፣ በፊርማ!

«በያት» አለች እትዬ ለሙሽራዋ። «አራት መቶ አሥራ ሦስተኛውን ትክፈተው።»

ፖሊሷ ከፈተችው። ፎቶው የተንጋደደ ነው። የአዳራሽ ደረጃ ይታያል፣ ጠርዙ ደብዝዞ። ካሜራው ሲወድቅ ራሱ ነው ያነሣው። ከደረጃው ላይ አንድ ቡናማ የወንድ ጫማ በአየር ላይ አለ፤ ክሩ አልታሰረም፤ አፍንጫው ላይ በጥቁር ክር የተሰፋ ስንጥቅ አለበት። ፖሊሷ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች። ሙሽራዋም ጎንበስ አለች። ጋሽ ጠርጥር እግሩን ከወንበሩ ሥር ሳበ፤ የት ይድረስ? ያው ጫማ ነው። ልብስ ሰፊው ነበር የሰፋለት።

«ክርህን ሳታስር ሮጠህ፣ ረግጠኸው ወደቅህ» አለች እትዬ። «ማንም አላየህም። ሰው ነህ፣ ወደቅህ፤ ምን ነበረበት? ‹ወደቅሁ› ብትለኝ ጉልበትህን አሽልህ ነበር። አንተ ግን እኔን አነሣህና በቦታህ ጣልከኝ። ሦስት ዓመት ያንተን ጭረት በጄ ለቀምኩ፣ ሦስት ዓመት ከኋላዬ ቆመህ ሰደብከኝ! በእህትህ ቤት በሕፃን ኩባያ ውሃ ስጠጣ አየኸኝ። አየኸኝ አይደል?»

ፖሊሷ ትርጉም ጠየቀች። ሙሽራዋ አልተረጎመችም። አጎቷን ነው የምታየው።

«እኔ ነኝ የጣልኩት» አለ ለጠረጴዛው።

«አልሰማሁም፣ አጎቴ» አለች ሙሽራዋ። ሰምታለች።

«እኔ ነኝ የጣልኩት!»

ተተረጎመ፣ ተጻፈ፣ ፈረመ። ሌንሱን ሰጡት። ተቀብሎ የሚያደርግበት ጠፋው፤ ጆንያው የለም፣ ፒጃማውም የለም። በእጁ ታቅፎት ወጣ። መንገድ ላይ ሙሽራዋ ቀደም ብላ ሄደች፤ «ለእማማ እኔ አልነግራትም፤ የነገራት ሰው ራሱ ያፍርሰው» ብላ ነው የሄደችው።

ጋሽ ጠርጥር ጥቂት ሄዶ ቆመ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

እትዬ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። መኪና ጡሩንባ ነፋባት፤ አልሰማችውም። «ላንተ?» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም ነው የምትለው ላንተ? አንተ አታውቅም ነበር?»

ጋሽ ጠርጥር ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ዘረጋላት። ተቀበለችው፤ አመሰግናለሁ ግን አላለችም። የሷን ቁልፍ ነው የመለሰላት።

ሰርጉ ተደገሰ፣ ፎቶውም ተነሣ። እትዬም እዚያው ሁለት ቀን ተቀምጣ የሙሽራዋን ፎቶዎች አንድ በአንድ፣ ከመቼውም አሳምራ አጸዳቻቸው። ልጅቷ ምን በደለቻት! እህትየው ግን ለሳሎኗ ግድግዳ የምትሰቅለው አንድ ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ ፈልጋ ነበር። ያንን እትዬ አገሯ ገብታ አሳትማ ላከችላት። ጋሽ ጠርጥር በእህቱ ፊት እውነቱን ይናገራል ብላ እስከ መጨረሻዋ ቀን ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ሻንጣውን ቆልፎ፣ እህቱን ስሞ፣ ምንም ሳይተነፍስ ተመለሰ።

ፎቶው የደረሰ ቀን ስልክ ተደወለ። ጋሽ ጠርጥር ጫማውን ያስራል፤ ከታች የስፌት መኪናው ይንጣጣል። እትዬ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፈተችው።

«የኔ ቆንጆ፣ ፎቶው ግሩም ነው» አለች እህትየው። «ብቻ ግራው ጥግ ላይ የምን ነጭ ጭረት ናት? ሳታጸጃት ቀረሽ እንዴ?»

«ጭረቷ የወንድምሽ ናት» አለች እትዬ። «ከየት እንደመጣች እሱ ይንገርሽ፤ ይኸው።»

ስልኩን ከፊቱ አስቀመጠችለት። ጋሽ ጠርጥር የጫማ ክሩን እንደያዘ ቀና አለ፤ ወደ በሩም አየ። እትዬ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣችና ወንበሯን ወደሱ አዞረች።

«ጮክ ብለህ ተናገር» አለችው። «ታች ልብስ ሰፊውም ይስማ።»